«ልጄን ይዤ ለቅሶ ቤት ልገባ ነው» (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ዘንድሮ ልጅ ይዘው አገር ቤት የሚገቡ ቤተሰቦች ጥያቄ በጣም በዝቶብኛል፣ ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ሶስት መርጫለሁ። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ሳነብ እውነቴን ነው እንባዬ መጣ፣ ስለዚ እሷ ጋር ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ሌሎቻችሁ ቅር እንዳይላችሁ።

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ እንደምን አለሽ፣ ገጽሽን ሁሌ ነው የማነበው ግን ጽፌልሽ አላውቅም። የምኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከደሴ ከወጣሁ 7 ዓመት ሞላኝ፣ አንድ ወንድ ልጅ አለኝ ጥር 8 ሁለት ዓመቱን ይደፍናል። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አባቴ ያረፈው እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው፣ ደብቀውኝ ነበር፣ በስልክ አባዬን አገናኙኝ ስል አንዴ ተኝቷል አንዴ ጸበል ሄዷል ይሉኝ ነበር፣ መርዶውን የነገሩኝ ልጄ በአርባ ቀኑ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው፣ እዚህ ያሉ የሀገሬ ልጆች በጠዋት ተሰብስበው መጥተው። የልጁን ስም ያወጣው እሱ ነው፣ ወንድ ከሆነ እንዲህ በዪው ብሎኝ ነበር። ከዛ ወዲህ አገሬ አልገባሁም፣ አባቴን አላለቀስኩትም ብል ይሻላል፣ አፓርታማ ውስጥ ጎረቤት እንዳይሰማ አፍ ይዞ ማልቀስ ለቅሶ ካልተባለ።

አሁን ታህሳስ 20 ልሄድ ትኬት ልቆርጥ ነው፣ ጥር 16 እመለሳለሁ፣ ባለቤቴ ፈቃድ ስላላገኘ እኔና ልጁ ብቻ ነን። እናቴ በስልክ «ለቅሶው ይጠብቅሻል፣ ሰው ሁሉ መምጫሽን ነው የሚጠይቀኝ» ትለኛለች። እኔም ማልቀስ እፈልጋለሁ፣ ግን ልጄ ሰው ቶሎ አይለምድም፣ ዴይኬር እንኳን ለመልመድ ሁለት ወር ነው የፈጀበት፣ ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ ግቢ ስገባ ምን ይሆናል፣ ማንስ ይይዝልኛል? ሌላው ጭንቀቴ ደሞ ምግብ ነው፣ ባለቤቴ ከሻንጣ ከሚወጣው ውጪ ምንም እንዳይቀምስ ይላል፣ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በበኩሏ «ዲያስፖራነትሽን ይዘሽብን እንዳትመጪ፣ እማዬን ታስቀይሚያታለሽ» አለችኝ። እናቴ ላም የገዛችው ለሱ ብላ ነው፣ በደወልኩ ቁጥር ስለ ወተቱ ነው የምታወራኝ። መሃል ላይ ሆኜ ግራ ገባኝ፣ እባክሽ በደንብ ምከሪኝ።

የማሙሽ እናት

መልስ፦

የኔ እናት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ከለቅሶው ልጀምር፣ እሱ ከተበላሸ የቀሩት ቀናት አብረው ነው የሚበላሹት፣ ይሄን በራሴ አይቼዋለሁ።

ያኔ ፍራንክፈርት ነበር የምኖረው፣ ታላቅ ወንድሜ ባረፈ በዓመቱ ልጄን ይዤ ገባሁ፣ የ19 ወር ልጅ ናት፣ ደረቴ ላይ በማዘያ አዝያታለሁ። ከመኪና ወርጄ የግቢያችንን በር ስገፋ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሱ፣ እናቴ የወንድሜን ስም ጠርታ ስትጮህ እኔም ጮህኩ፣ ልጄ ደረቴ ላይ እንዳለች ጭራሽ ረስቻት ነበር፣ ያስታወስኳት ጥፍሯ አንገቴ ላይ ሲሰካ ነው። አፏን ከፍታለች ድምጽ ግን አይወጣትም፣ ትንፋሿ ቀጥ ብሎ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ከዛ ነው ጩኸቱ የመጣው። አራት ቀን ሙሉ ነጠላ የለበሰች ሴት በበር በገባች ቁጥር እግሬ ስር ትወሸቅ ነበር፣ የገዛ አያቷ እጇን ስትዘረጋላት እንኳን። ያን ሳምንት እናቴ በሁለት ሀዘን ነው ያሳለፈችው።

ስለዚ የምልሽ፣ ቀጥታ ደሴ አትግቢ። አዲስ አበባ እህትሽ ጋር አራት አምስት ቀን ተቀመጪ፣ ቅር የሚለው ቢኖር «ልጁ አየሩን እስኪለምድ ነው» በዪ፣ አገራችን ውስጥ ይሄን የማይቀበል ሰው የለም። እነዚ ቀናት የእህትሽና የልጅሽ ናቸው፣ እሷ ታብላው፣ እሷ ታጥበው፣ እሷ ታስተኛው፣ አንቺ ሻወር ግቢ፣ ሱቅ ሂጂ፣ መጀመሪያ ቀን አስር ደቂቃ ከዛ ግማሽ ሰዓት ከዛ አንድ ሰዓት፣ ቢያለቅስም ተመልሰሽ እንደምትመጪ ይማራል። ከዛ አብራችሁ ደሴ ግቡ፣ እህትሽ ስራ ካላት ከአሁኑ ፈቃድ ትጠይቅ፣ «ዲያስፖራነትሽን» ያለችሽን ትተሽ ይሄን ለምኛት፣ ልጁን የሚያውቀው አንድ ሰው እዛ ቤት ውስጥ ከሌለ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው። እስከዛ ደሞ በየቀኑ በቪዲዮ ከእህትሽ ጋር አውሪ፣ ልጁ ሲበላ ስልኩን አጠገቡ አቁሚው፣ እንዲያናግራት አታስገድጂው፣ ድምጿን ይልመድ በቃ።

የለቅሶውን ቀንና ሰዓት ቀድማችሁ ቁረጡ። ለአጎትሽ ወይም ለእድሩ ዳኛ ደውዪና ህጻን ይዤ ነው የምመጣው፣ ከቀትር በፊት ይሁንልኝ በዪ፣ ሽማግሌ ነገር ይገባዋል፣ የሰውን መውጫ ሰዓት የሚያሳጥሩልሽም እነሱ ናቸው። ከኮምቦልቻ ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ እህትሽና ልጁ እናንተ ቤት አይግቡ፣ ጩኸቱ የማይሰማበት የምታምኚው ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት ይውረዱ፣ ቤቱን ከወዲሁ አዘጋጂው፣ መጫወቻውንና ብርድ ልብሱን ይዘው፣ ከተኛም ይተኛ። አንቺ ብቻሽን ግቢ፣ ባዶ እጅሽን። አባትሽን ጥሪው፣ ሁለት ዓመት አፍነሽ የያዝሽውን እዛ ግቢ ውስጥ አውጪው፣ ብትወድቂ የሚያነሳሽ ሰው ሞልቷል፣ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ህዝብ የሚጠብቅሽ።

ሰው ፍራሹ ላይ አረፍ ሲል፣ ሻይና ንፍሮው ሲዞር፣ ፊትሽን ታጥበሽ ወደ በሩ ውጪና ልጅሽን ራስሽ ተቀብለሽ ግቢ፣ ከሌላ ሰው እጅ ላይ ሆኖ አይግባ። አይንሽ ማበጡን ያያል፣ ይይ። «አባባ ናፍቆኝ አለቀስኩ» በዪው በሚሰማው ቋንቋ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው የደረሰ ልጅ ከምናስበው በላይ ይገባዋል። እናቱን አዝና ማየቱ አይጎዳውም፣ የሚያስደነግጠው ድንገት የሚነሳው ጩኸትና እሱን የያዘው ሰው በዛች ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከእጁ መውጣቱ ነው። ከዛ በኋላ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፣ አንዷ ትልቅ ሴት አባትሽ ያወጣለትን ስም ሰምታ «ይኸው ተካው» ትላለች፣ እናትሽ ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ቤቱ በአንዴ የለቅሶም የደስታም ይሆናል። ያን ጊዜ አንቺ አጠገቡ ሁኚ እንጂ ከእቅፏ አትንጠቂያት፣ ካለቀሰ እሷው ትመልስልሻለች።

አሁን ወተቱ። እህትሽም ልክ ናት ባለቤትሽም ልክ ነው፣ ልዩነቱ የቱ ላይ ድርቅ ትያለሽ የቱን ትለቂያለሽ የሚለው ነው። የኔ መለኪያ አንድ ነው፣ ከሆነ በኋላ የማይመለስ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ፣ ሌላውን ለአያቲቱ እተውላታለሁ። ላም ገዝታ የምትጠብቅ እናት ወተቱን እምቢ ብትባል ልቧ ነው የሚሰበረው፣ ስለዚ እምቢ አትበያት፣ አሁኑኑ በስልክ «እማዬ ወተቱን አንቺው አፍልተሽ አንቺው አጠጪልኝ፣ ጥሬውን ግን ዶክተሩ ከልክሎታል» በያት። ቤት ገብተሽ ሰው ፊት፣ ኩባያው ተቀድቶ ከቀረበ በኋላ ከሆነ የምትናገሪው ንቀት ነው የሚመስለው፣ ከወር በፊት በስልክ ከሆነ ግን ዝግጅት ነው፣ እንደውም ለጎረቤት «የልጅ ልጄ የፈላ ነው የሚጠጣው» እያለች ራሷ ታስጠብቅልሻለች። ይሄ ቅብጠት አይደለም፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳም ብሩሴሎሲስ የሚባለውም በሽታ በጥሬ ወተት ይመጣሉ፣ ከጥሬ ወተት የተሰራ እርጎና አይብም ያው ነው።

ውሃ ላይ ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እዛ ከፍታ ላይ ውሃ መቶ ዲግሪ ሳይደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚ ተንፈቀፈቀ ብላችሁ ወዲያው አታውርዱት፣ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዛ በተፈላበት እቃ ተከድኖ ይቀዝቅዝ። የታሸገ ውሃ ከገዛችሁ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን እዩ፣ ጥርሱንም በሱ ይታጠብ።

ምግብ ግን ባለቤትሽን አሳምኚው፣ 26 ቀን ሙሉ ከሻንጣ የሚበላ ልጅ የለም። ስትገቡ ጾሙ ገና አልተፈታም፣ እስከ ታህሳስ 28 ቤቱ ውስጥ የሚሰራው ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች አልጫ፣ ጎመን ነው፣ ይሄ ሁሉ በደንብ የበሰለ ትኩስ ምግብ ነው፣ ከምጣድ የወጣ እንጀራ፣ ገንፎ፣ አጥሚት፣ ራስሽ የላጥሽው ሙዝና ብርቱካን፣ ምን ጎደለው? ተሰርቶ ያደረውን፣ ጥሬ ሰላጣውንና ለበዓል የሚመጣውን ጥሬ ስጋ ነው የምትከለክዪው። ጉርሻ ላይ ደሞ ሁለት ሰው ብቻ ይመደብ፣ እናትሽና እህትሽ፣ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ሌላው ዘመድ ሲዘረጋ «ከአያቱ እጅ ካልሆነ አይበላም» በዪ፣ እናትሽ ትኮራለች፣ እንግዳውም አይቀየምም።

ከምግቡ በላይ እኔን የሚያስፈራኝ ቡናው ነው። አስቢው፣ ረከቦቱ መሬት ላይ ነው፣ ከሰሉ መሬት ላይ ነው፣ ጀበናው መሬት ላይ ነው፣ አጠገቡ በሰፌድ ቆሎ ተቀምጧል፣ ሁሉም ነገር ልክ በልጅሽ ቁመት። እዛ አሜሪካ ምድጃው ከፍ ብሎ የተሰራ ስለሆነ እሳት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እዚህ ያደገ ልጅ ግን «ኡፍ» ሲባል ወደ ኋላ ይላል። በቀን ሶስቴ በሚፈላበት ቤት ቡና በቀረበ ቁጥር አንድ ሰው በስም ይጠራና ልጁን ይያዝ፣ «እናያለን» አይሰራም፣ ሁሉም የሚያየውን ልጅ ማንም አያየውም። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ከአራት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም፣ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ይቀረቀራል፣ አንድ ፍሬ ናት ብሎ የሚሰጥ አይጠፋም፣ እዚህ ላይ ሰው ቢቆጣም ድርቅ በዪ። አያድርገውና ካቃጠለው ቶሎ ልብሱን አውልቃችሁ ለ20 ደቂቃ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ያዙት፣ ቧንቧ ውሃ ከሌለ በጆግ እያፈሰሳችሁ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ቅቤ እንዳይቀባ፣ ከዛ ወደ ሐኪም ቤት።

አንድ ከበድ ያለ ነገር አለ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ልጁ ጉንፋን ይዞት ሲያስለው፣ መያዙም አይቀርም የጥር አቧራና የደሴ የማታ ብርድ ነው፣ አንዲት ወይዘሮ መጥታ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት» ልትል ትችላለች። በክፋት አይደለም፣ እሷም ልጆቿን ያሳደገችው እንደዛ ነው፣ ግን በዛ ምላጭ ደም ፈሷቸው የሞቱ፣ በሽታ የተጋቡ ልጆች አሉ። «አመሰግናለሁ እማማ፣ ዶክተር ያየዋል» በዪና ጨርሺ፣ ለእህትሽም ንገሪያት፣ አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ማንም ወስዶ እንዳያሳየው። ተቅማጥ ከጀመረው ከየትኛውም ፋርማሲ ኦ አር ኤስ (ህይወት አድን ንጥረ ነገር) ግዢ፣ ፓኬቱ ላይ እንደተጻፈው ለክተሽ በጥብጪው፣ በብዛት የሚሸጠው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ የሚበጠበጠው ነው፣ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ይጠጣ፣ ደም ካየሽበት ወይም ሽንቱ ከጠፋና ከፈዘዘ አትጠብቂ።

የቀረውን ግን ልቀቂው የኔ እህት። ጸጉሩን ቅቤ ልትቀባው ነው? ትቀባው። በጠራራ ፀሐይ ኮፍያና ሁለት ካልሲ ልታደርግለት ነው? ታድርግ፣ ዞር ስትል አንዷን ታወልቂያለሽ። የእንቅልፍ ሰዓቱ ይዛባል፣ አሜሪካ ሆነሽ ስንት ወር የለፋሽበት ብቻውን የመተኛት ልምድ በሶስት ቀን ይጠፋል፣ ይጥፋ፣ ስትመለሺ ታስተካክዪዋለሽ። አያቱ በአንቀልባ ጀርባዋ ላይ አዝላው እሹሩሩ እያለች ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ጓዳ ስትመላለስ ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ዘንበል ሲል ታያለሽ፣ የለበሰችው ጋቢ ጉንጩ ላይ መስመር ያወጣበታል፣ ያኔ እህትሽ ለምን እንደዛ እንዳለችሽ ይገባሻል። ባሏን የቀበረች ሴት ናት፣ ሁለት ዓመት በስልክ መስታወት ብቻ ያየችውን ልጅ ነው የምታዝለው።

ስለ ጉዞው ቶሎ ቶሎ ልበልሽ። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ልደቱን ተናገሪ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ እቅፍ ላይ ሆኖ በትንሽ ዋጋ ይሄዳል፣ ልጅሽ ግን ጥር 8 ሁለት ስለሚሞላው ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል፣ ይሄን ኤርፖርት ላይ የምትሰሚው ነገር መሆን የለበትም። አቅም ካለሽ መሄጃውንም ወንበር ግዢለት፣ ከዋሽንግተን ዱለስ ኤርፖርት ቀጥታው በረራ ወደ 13 ሰዓት ነው፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረበ ልጅ እቅፍ ላይ 13 ሰዓት ከባድ ነው፣ መመለሻው ደሞ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ስለሚያርፍ ይረዝማል። ልጁ በአሜሪካ ፓስፖርት ስለሚገባ ቪዛውን ወይም ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) አስቀድመሽ ጨርሺ፣ ብቻሽን ስለሆንሽ የአባቱን የፈቃድ ደብዳቤ በኖተሪ አስመስክረሽ ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ያዢ። ክትባቱን ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ጠይቂ፣ ወደ ውጪ የሚጓዝ ልጅ ዓመት ካለፈው የኩፍኝ ክትባት ሁለቱንም ዙር ቢያንስ በ28 ቀን ልዩነት አስቀድሞ መውሰድ ይችላል፣ አራት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ካር ሲቱን ይዘሽ ሂጂ፣ አዲስ አበባ በስልክ የሚጠራውን ታክሲ፣ ራይድም ፈረስም ስትጠሪ የልጅ መቀመጫ አይኖረውም፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ደሞ ጠመዝማዛ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዚህ ጊዜና ከህጻን ጋር እኔ በአውሮፕላን እስከ ኮምቦልቻ ብትሄጂ እመርጣለሁ፣ ያም ቢሆን የሰሞኑን የመንገድ ሰላም እዛው ካሉ ዘመዶች በየቀኑ ጠይቂ፣ ካልሆነም እናትሽ አዲስ አበባ ትምጣና ለቅሶው እህትሽ ቤት ይሁን፣ ይሄን እንደ ሁለተኛ እቅድ ከአሁኑ ተነጋገሩበት። የሰዓት ልዩነቱ በዛ ወቅት 8 ሰዓት ነው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ ቁርስ ቢልሽ አትደንግጪ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጪው፣ በሳምንት ውስጥ ይስተካከላል። የ110 ቮልት እቃ እዛ 220 ላይ ስትሰኪው ይቃጠላል፣ ከእቃው ጀርባ 100-240 የሚል ካልተጻፈበት ተዪው።

ዘመድ ጥየቃን በተመለከተ፣ ሰላሳ ቤት ልጅ ይዞ መዞር አይቻልም። እናትሽ ቤት ተቀመጪ፣ ሰው ወዳንቺ ይምጣ፣ ለቅሶ ላይ የመጣው ሁሉ አይቶሻል። አንቺ የምትሄጂው መነሳት ለማይችሉት ሽማግሌዎችና አንቺ በሌለሽበት ሰው ለሞተባቸው ቤቶች ብቻ ነው፣ እነሱ ጋርም ልጁን ከአያቱ ጋር ትተሽ።

ከፈቀድሽ ደሞ ጥር 8 ጠዋት፣ ልደቱ ቀን፣ እናትሽን ይዘሽ ሶስታችሁ ብቻ አባትሽ መቃብር ሂዱ። ያን ቀን ጩኸት የለም፣ ልጁ ድንጋይ እየለቀመ ይጫወታል፣ አንቺም ስሙን ለአባትሽ ትነግሪዋለሽ።

ጥያቄ፦

ስዊድን ስቶክሆልም የምኖር አባት ነኝ፣ የ18 ወር ልጃችንን ይዘን መስከረም መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ከዛ ሐዋሳና ባሕር ዳር ልንሄድ ነው። ባለቤቴ ወባ ፈርታ አዲስ አበባ ብቻ እንቀመጥ ትላለች፣ እኔ ደሞ ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ ወባ ይዞኝ አያውቅም። ማን ነው ልክ?

መልስ፦

ወንድሜ ባለቤትህ ወደ ልኩ ትቀርባለች። አንተ እዛ ስለተወለድክ ልጅህ ምንም መከላከያ አይወርስም፣ እሱ ለወባ የስቶክሆልም ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች ወባ አታሰጋም፣ በጥቅሉ ከ2,000 ሜትር በታች ነው ወባ የሚበዛው፣ ሐዋሳም ባሕር ዳርም ከዛ በታች ናቸው፣ የመረጣችሁት ጊዜ ደሞ ክረምቱ ወጥቶ ውሃ ያቆረበት፣ ወባ የሚጠናበት ወቅት ነው። አትሂዱ አልልም፣ ግን ከመነሳታችሁ ሳምንታት በፊት ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ በልጁ ኪሎ የተለካ መከላከያ መድኃኒት ውሰዱ፣ መድኃኒቱን ከተመለሳችሁም በኋላ እንደታዘዘው ጨርሱት፣ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበስ። ከሁሉ በላይ ይሄን አትርሱ፣ ስዊድን ከገባችሁ ከሳምንታት ምናልባትም ከወራት በኋላ ትኩሳት ቢይዘው ለሐኪሙ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ኢትዮጵያ ወባ ያለበት ቦታ ነበርን» ይሁን፣ እዛ ያለ ሐኪም ካልተነገረው ጉንፋን ብሎ ሊመልሳችሁ ይችላል። ባሕር ዳርንም ከመቁረጣችሁ በፊት የጸጥታውን ሁኔታ እዛ ካለው ቤተሰብህ አጣራ፣ ካልተመቸ ቤተሰብህን አዲስ አበባ ጥራቸው።

ጥያቄ፦

ልጄ እንደምን ዋልሽ። ይሄን የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ልጄ ዱባይ ነው ያለችው፣ እዛው አግብታ ወልዳ ልጇ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል፣ አይቼው አላውቅም። ለጥምቀት ይመጣሉ። በስልክ ስታሳየኝ እኔን ሲያይ ይሸሻል፣ ፊቱን እናቱ ላይ ይደብቃል፣ አማርኛም ብዙ አይሰማም። ሲስቅ የማየው ዶሮዬ ስታልፍ ብቻ ነው። መጥቶም እንዲህ ከሸሸኝ ምን ይውጠኛል? አንድ ወር ነው የሚቆዩት።

መልስ፦

እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ልጁ እርስዎን ጠልቶ አይደለም፣ በዚህ እድሜ ያለ ልጅ የማያውቀው ፊት ሲቀርበው ይፈራል፣ ይሄ ጤነኛ ልጅ መሆኑን ነው የሚያሳየው፣ እናቱን ከሌላ ሰው ለይቶ አውቋል ማለት ነው።

የመጡ ቀን እጅዎን አይዘርጉለት። ከባድ ነው አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የጠበቁትን ልጅ በር ላይ አለማቀፍ ከባድ ነው፣ ግን መጀመሪያ ልጅዎን ይሳሙ፣ አቅፈው ያልቅሱ ይሳቁ፣ እሱን አይተው እንዳላዩ ይለፉት። ከዛ ቤት ሲገቡ እሱ ካለበት ራቅ ብለው መሬት ላይ ይቀመጡና የእጅ ስራዎን ይጀምሩ፣ ጥጥዎን ይፍተሉ ወይም ሰፌድ ላይ ስንዴ ይልቀሙ። ልጅ እጁ የሚሰራ ሰው ይማርከዋል፣ እንዝርቷ ስትሽከረከር አይኑ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ሲጠጋም ቀና ብለው አይዩት፣ ሁለት ፍሬ ስንዴ መዳፉ ላይ ያስቀምጡለት በቃ፣ ወደ አፉ እንዳይወስዳት ብቻ እናቱ ትይ። በዛን ቀን ካልመጣ በማግስቱ ይመጣል። ጎረቤት «ፈረንጅ ሆነ፣ አያቱን አያውቅም» ቢል አይስሟቸው፣ ልጅዎም እንዲሰማት አይፍቀዱ፣ እሷም ውስጧን የሚያቃጥላት እሱ ነው።

እስከዛ በስልክ ሲያገኙት «ሳመኝ፣ ሰላም በለኝ» አይበሉት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ይደውሉና ዶሮዋን ያሳዩት፣ ጥሬ ሲበትኑላት፣ ስሟን ሲጠሩ፣ እንቁላሏን ከጎጆዋ ሲያወጡ፣ ፊትዎ ከዶሮዋ ጋር አብሮ አይኑ ውስጥ ይቅር። ሲመጣም መጀመሪያ የሚፈልገው እሷን ነው፣ እጁን ይዘው ጥሬ የሚያስበትኑት እርስዎ ይሁኑ።

ታዲያ ለእንግዳ ተብሎ ለዶሮ ወጡ ሌላ ዶሮ ከገበያ ይገዛ፣ አደራዎን ይቺኛዋን እንዳይነኩበት።